ውሻው ተምሯል፤ እኛስ?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ውሻ ነው። “ኧረ ባክሽ! ትዳር ሲፈርስ፣ ኑሮ ሲወደድ፣ ስለ ውሻ?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ወሬው ከውሻ ይጀምር እንጂ ማለቂያው እኛው ሰዎቹ ጋ ነው።

ነገሩን ያነሳሳኝ ከቡራዩ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው አባወራ ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ አደራ ብለዋል፤ እኛም በዚህ ገጽ የሰው ስም አንጠራም። እንዲህ ይላሉ፡-

“ውሻዬን ለሦስት ወር ማሠልጠኛ አስገብቼ ብዙ ገንዘብ አወጣሁ። የተረከብኩት ዕለት አሠልጣኙ ‘ሲት’ ሲለው ቁጭ ይላል፣ ‘ስቴይ’ ሲለው ንቅንቅ አይልም፣ ‘ከም’ ሲለው ይበራል። ቤት ከገባ ሁለት ወሩ ነው። አሁን በር ሲንኳኳ ያብዳል። ስጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ! ከመጤፍ አይቆጥረኝም። ሰውየው አጭበርብሮኝ ይሆን? ወይስ ውሻው ደደብ ነው?”

አይመስለኝም ጋሼ። ሰውየውም አላጭበረበረዎትም፣ ውሻውም ደደብ አይደለም። እኔ የእንስሳት ሐኪምም አሠልጣኝም አይደለሁም። ግን ይኸው ነገር ቤታችን ገብቶ፣ የሰው ልጅ ደም አፍስሶ አይቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ላውጋዎት።

እኔ የምኖረው ለገጣፎ አጎቴ ቤት ነው። ለገጣፎን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ሲወጡ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለች ከተማ ነች። ቀን ሲያዩዋት ቪላ በቪላ ነች። ማታ ግን ከአጥሩ ጀርባ ባሕር ዛፍና የእርሻ ማሳ ነው። ጅቡም በሰዓቱ ይመጣል። በዚህ ሰፈር ውሻ ማሳደግ ጌጥ ወይም ቅንጦት አይደለም፤ ከዘበኛ ቀጥሎ ያለ የቤት ጠባቂ ነው።

አጎቴም ደንበኛ ጀርመን ሸፐርድ ገዛ። ስሙን “ማክስ” አለው። (በነገራችን ላይ ይህንን ዘር እ.ኤ.አ. በ1899 አደራጅቶ ያስመዘገበው ጀርመናዊ መኮንን ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ ይባላል። አጎቴ ይህንን አያውቅም፤ ከፊልም ነው ያመጣው።) ስምንት ወር ሲሞላው ማሠልጠኛ ገባ። ከሦስት ወር በኋላ ሲመጣ ጨዋ፣ ጭምት፣ የተማረ ወታደር መስሎ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ሊያየው መጣ። እኛም ኮራን።

ከዚያስ? ከዚያማ እያንዳንዳችን በየፊናችን ማፍረስ ጀመርን!

አጎቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ “ሲት… ሲት… ሲት አልኩህ እኮ!” ይላል፤ አምስት ጊዜ ብሎ ሳይቀመጥለት ወደ ወሬው ይመለሳል። ባለቤቱ “ቁጭ በል የኔ ልጅ” ትለዋለች። ልጆቹ “ተቀመጥ!” ይሉና ሳይቀመጥ ብስኩቱን ይወረውሩለታል። የአጎቴ ዘበኛ ደግሞ የዚያው አካባቢ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ “ታኢ!” ይሉታል። ቆጥራችሁልኛል? ለአንዲት መቀመጥ አራት ቃል! ውሻው ያወቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አምስት ጊዜ እስኪደጋገም መጠበቅ እንዳለበት ከአጎቴ ተማረ።

እኔስ? እኔማ ዋናዋ ነኝ! ማታ ከሥራ ስገባ ሁለት እግሩን ትከሻዬ ላይ ይሰቅላል። “የኔ ቆንጆ፣ ናፈቅኩህ?” እያልኩ አሸዋለሁ። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያንኑ ሲያደርግ ደግሞ ጮኼ በጫማ እመታዋለሁ። ለሱ ነጠላና ጂንስ ምኑ ነው? “ይህቺ ሴትዮ አንዳንዴ ያማታል” ብሎ ሳይታዘበኝ አይቀርም።

ለገና ሚኒሶታ የሚኖር የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ ሊጠይቀን መጣ። በሩ ሲከፈት ማክስ ተስፈንጥሮ ሲዘልበት፣ እኛም ሁላችን በሦስት ቋንቋ ስንጮህ አየና ሳቀ። “ይሄ ውሻ ልክ እንደ ጎረቤቴ ውሻ ሆኗል” አለ። ቡናው እስኪፈላ ያወራን ወሬ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ሚኒሶታ ሐይቅ በሐይቅ ነው። በነሱ በልግ፣ ዳክዬዎች ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ሲበሩ የአደን ወቅት ይከፈታል። እሱ ራሱ ዳክዬ አፉ አያስገባም፤ በሃይማኖታችን አይበላምና። ፈረንጅ ጎረቤቱ ግን አንድ ቀን ሊያሳየው ይዞት ሄደ። ሰውየው ላብራዶር ሪትሪቨር የሚባል ውሻ አለው። ይህ ዘር መነሻው ኒውፋውንድላንድ በምትባለው የካናዳ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይሠራ የነበረ የውሃ ውሻ ነው፤ እንግሊዝ አገር በራሱ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ሥራው መግደል አይደለም። ተመትቶ ውሃ ላይ የወደቀውን ዳክዬ ዋኝቶ፣ ሳያኝክ፣ ሳይቦጫጭቅ አምጥቶ ጌታው እጅ ላይ ማስረከብ ነው።

“ማምጣቱ ለውሻው ቀላል ነው፤ ተፈጥሮው ነው” አለ እንግዳችን። “ከባዱ መጠበቁ ነው። ዳክዬው እየጮኸ ሲመጣ፣ ጠመንጃው ሲጮህ፣ ወፉ ውሃው ላይ ቧ ሲል… ጌታው ስሙን ጠርቶ እስኪልከው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት። ይህንን ለማስተማር ወራት ይፈጃል። ለማፍረስ ግን አንድ ጠዋት ይበቃል።”

እንዴት ፈረሰ? በመጀመሪያው የአደን ቀን ባለቤቱ ሐሳቡ ሁሉ ዳክዬው ላይ ነበር። ተኮሰ። ውሻው ሳይታዘዝ ዘሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ዳክዬውን ይዞ ሲመጣ ሰውየው ደስ አለውና “ጎበዝ!” ብሎ ራሱን ዳበሰው። አለቀ! ከዚያ ቀን ወዲህ ለውሻው የጠመንጃ ድምፅ “ሂድ” ማለት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ጠመንጃው ገና ሲነሳ ይዘል ጀመር። ከአፈሙዙ ፊት ማለት ነው። ሊገድለው ምንም አልቀረውም።

የነቁት አዳኞች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? አዲስ ውሻ ይዘው ሲወጡ የራሳቸውን ጠመንጃ ቤት ትተው ይሄዳሉ። ጓደኛ ይተኩሳል፣ ባለቤቱ ውሻውን ብቻ ይጠብቃል። ውሻው ሳይላክ ከዘለለ ያስቆሙታል፣ ወደ ቦታው ይመልሱታል፣ ዳክዬውን ራሳቸው ሄደው ያነሱታል። አንዳንዴ ውሻው በጨዋ ደንብ ቢጠብቅም እንኳ፣ የወደቀው ሁሉ የሱ እንዳልሆነ እንዲያውቅ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ያነሳዋል። አንድ ዳክዬ ቢጠፋ ይጥፋ ይላሉ፤ ውሻው ከሚጠፋ።

“የናንተ ሐይቅ ይህ በር ነው” አለን እንግዳችን። “መጥሪያው ጠመንጃችሁ ነው፤ እንግዳው ዳክዬያችሁ ነው። በሩን የሚከፍተውና ውሻውን የሚይዘው አንድ ሰው ከሆነ ሁለቱም አይሆንለትም።”

ሳቅን። “ይሄ አሜሪካ ሄዶ ፈላስፋ ሆነ!” ብለን ወደ ዶሮ ወጣችን ተመለስን።

ሳቃችን የቆየው እስከ ጥምቀት ነበር። የጥምቀት ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ከጎረቤት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእንጀራ ሞሰብ ይዛ መጣች። ዘበኛው በግራ እጃቸው የእንግዳ ዕቃ ይዘው በቀኛቸው በሩን ከፈቱ። ማክስ ቀኑን ሙሉ እንግዳ አጥንት ሲወረውርለት ውሎ ደሙ ፈልቷል። ዘሎ ወጣ። አጎቴ ከበረንዳ “ሲት! ሲት!” አለ። ባለቤቱ “ቁጭ በል!” አለች። ከልጆቹ አንዱ፣ እግዜር ይይለት፣ ለቀልድ “ጃስ!” አለ።

ልጅቷ ሞሰቡን ጥላ ሮጠች። የሚሮጥ ነገር ደግሞ ውሻ ይከተላል። ክንዷ ላይ ነከሳት።

አንዱ “ቡና ዱቄት አድርጉበት” ይላል፣ ሌላው “በነጠላ እሰሩት” ይላል። ነፍስ ይማርና በአያቴ ጊዜ የተባለው ሁሉ ያን ዕለት ተባለ። ባንቧ ወስደው ቁስሉን በሳሙና ያጠቡላት ዘበኛው ናቸው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፣ ክትባቱን ጀመረች። ማክስ የዓመት ክትባቱን ወስዶ ስለነበርና አሥር ቀን ሙሉ ተጠብቆ ምንም ስላልታየበት በዚያ በኩል ተረፍን።

ማታ አጎቴ ዘበኛውን ሊያባርራቸው ተነሳ። “በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት!” አላቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉት፡-

“ጌታዬ፣ ለውሻው የሦስት ወር ትምህርት ከፈሉ። ሌሊቱን ሙሉ አብሬው የማድረው እኔ ነኝ። ለኔ ግን ቃሉን እንኳ መች ነገሩኝ?”

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነታቸውን ነዋ!

እንግዲህ የቡራዩ ጋሼና እንደርስዎ የቸገራችሁ ሁሉ፣ በዚያ ቀን ደም ከፍለን የተማርነውን እነሆ፡-

አንደኛ፣ ቤተሰቡም ይማር። አሠልጣኙ ውሻውን ሲያስረክብ ለአባወራው ብቻ አያስረክብ። ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ልጆቹ ሁሉ ይቁሙና ያሳያቸው። በተለይ ከውሻው ጋር ብዙ ሰዓት የሚውለውና የሚያድረው ሰው። ቃሉ አንድ ይሁን። በእንግሊዝኛም በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን ግድ የለም፤ ለውሻው ሁሉም ድምፅ ነው። ግን ሁሉም ሰው ያንኑ ድምፅ ይጠቀም። እኛ ቤት ልጆቹ አምስቱን ቃላት በወረቀት ጽፈው የዘበኛው ቤት በር ላይ ለጥፈዋል።

ሁለተኛ፣ አንዴ ተናገሩ፤ ከዚያ አስፈጽሙ። “ሲት” ካላችሁ በኋላ ካልተቀመጠ ቀረብ ብላችሁ በማሰሪያው በዝግታ አስቀምጡት። እጃችሁ ሙሉ ከሆነ፣ ስልክ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ከሩቅ ከሆናችሁና ማስፈጸም ካልቻላችሁ ጭራሽ አትናገሩ። ሳይፈጸም የቀረ ትእዛዝ ሁሉ ለውሻው “ይህ ቃል ትርጉም የለውም” የሚል ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ያወቀውን እናንተ በር ላይ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ውሻ ትምህርቱን ከቦታው ጋር አያይዞ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቤት ሲመጣ እንደገና ከ“ሀ” ጀምሩለት። መጀመሪያ ሰው በሌለበት ግቢ፣ ቀጥሎ በሩ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ በሩ ተከፍቶ፣ ቀጥሎ የቤት ሰው ሲያንኳኳ፣ መጨረሻ ላይ እንግዳ ሲያንኳኳ። አንዱ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አትዝለሉ። በቀን ሁለቴ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አራተኛ፣ በሩን አንድ ሰው ይክፈት፣ ውሻውን ሌላ ሰው ይያዝ። ይህ የዳክዬ አዳኞቹ ምክር ነው። ሁለት ሰው ከሌለ ውሻው መጀመሪያ ይታሰር ወይም ቤቱ ይግባ፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። እንግዳው ደጅ አንድ ደቂቃ ቢቆም አይሞትም። በዓልና ድግስ ሲሆን ደግሞ ውሻውን ከነአካቴው ከግርግሩ አርቁት። ያን ቀን ለማሳየትና ለመኩራት የሚሆን ቀን አይደለም።

አምስተኛ፣ “አንዳንዴ” የሚባል ነገር ይቅር። ሁልጊዜ ከሚሰጥ ሽልማት ይልቅ አልፎ አልፎ የሚገኝ ሽልማት ልማድን ያጸናል። ይህንን የእንስሳትን ጠባይ ያጠኑ ሊቃውንት በሙከራ አሳይተዋል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ለምን እንደማይተው አስቡት! ውሻውም በሳምንት አንዴ እንግዳ ላይ ሲዘል አጥንት ካገኘ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘል ይኖራል። እንግዳችሁንም “እባክህ አትወርውርለት” በሉት። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ስድስተኛ፣ “ና” ብላችሁ ጠርታችሁ አትምቱ። አጥፍቶም ቢሆን ስትጠሩት ከመጣ አመስግኑት። ጠርታችሁ ከመታችሁት፣ ጠርታችሁ ሁልጊዜ ወደ ሰንሰለት የምትወስዱት ከሆነ፣ መምጣት ቅጣት ይሆንበታል። ቀኑን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ የሚውል ውሻም ጥሩ ጠባቂ አይሆንም፤ ብስጩ ነው የሚሆነው።

ሰባተኛ፣ “ጃስ!” የምትባለዋን ቃል ከቤታችሁ አውጧት። ለቀልድም፣ ለድመትም፣ ለለማኝም አትባል። የሠለጠነ ጠባቂ መኖሩ ብቻ ሌባን ይመልሳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። “እኛስ ውሻችንን ለምን ለገዳዲ ግድብ ወስደን ዳክዬ አናሳድነውም?” ያለኝ ጎረምሳ አለ። ወንድሜ፣ ተው! ግድቡ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንም በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው። በሱሉልታ ረግረግና በገፈርሳ ከሚታዩት ወፎች መሃል ክንፉ ሰማያዊ የሆነው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ውሻህን ማሠራት ካማረህ እንጨት ወርውርለት፤ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አድርገውና ላከው። ያው ትምህርት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አደጋ ቢደርስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡ። ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ በተወሰደ ክትባት ግን መከላከል ይቻላል። ውሻውን በንዴት አትግደሉት፤ ለአሥር ቀን ታስሮ ይታይ። የዓመት ክትባቱንም አታስታጉሉ።

ሕጉንም እወቁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። “በድንገት አምልጦኝ ነው፣ ይህን ያደርጋል ብዬ አልጠበቅኩም” ማለት አያድንም። አጎቴ የልጅቷን ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከፍሎ፣ በሽማግሌ ይቅርታ ጠይቆ ነው ነገሩ የበረደው።

ዘበኛው አልተባረሩም። አሠልጣኙ ተመልሶ መጥቶ ለሁለት ቅዳሜ አስተማረን፤ ውሻውን ሳይሆን እኛን። ከሁላችን ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። አሁን መጥሪያው ሲደወል “ሲት” ይላሉ፣ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ። ማክስ ቁጭ ይላል። እሳቸው ማሰሪያውን ይይዛሉ፣ ከቤት አንዳችን ወጥተን እንከፍታለን። እኔም ማታ ስገባ አራቱም እግሩ መሬት እስኪነካ አላየውም፤ ከነካ በኋላ ነው ሰላም የምለው። ጂንስም ልልበስ ነጠላ።

ውሻው በሦስት ሳምንት ተስተካከለ። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ በራችን ጋ ስትደርስ መንገዱን ተሻግራ በማዶ ታልፋለች። ባለፈው ቅዳሜ ዘበኛው ከሩቅ ሰላም ሲሏት ቆም አለችና እጇን አወዛወዘች። ግን አልተሻገረችም። አልፈርድባትም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፣ ጋሼ። አሠልጣኝዎን ከመክሰስዎ በፊት ዛሬ ማታ ቤተሰብዎን ሰብስበው “ይህን ውሻ ተቀመጥ የምትሉት በምን ቃል ነው?” ብለው ይጠይቁ። መልሱን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

እስከ ሳምንት ቸር ይቆየን!